ከስቱኮው ሥር

ሆጤ፣ ከጓሯችን፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
አራት ድንጋይ ላይ ናት ከጎማ ተነጥላ፣
የአባቴ ፊያት፣ ያቺ ሴይቼንቶ፣
የደሴ ዝናም ጎኗን በልቶ በልቶ፣
የተረፈው ላሜራ እንደ ቅጠል ሳስቶ።

ቅዳሜ ከቀትር፣ ከባንክ ወጥቼ፣
ከረባቴን ፈትቼ፣
የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሬ
እፍቃለሁ፣ እፍቃለሁ፣ እስኪላጥ ጥፍሬ።

ላዩ ሰማያዊ፤ የታክሲነት ዘመን፣
ቧንቧ ውሃ አራዳ፣ ስሙኒ ላንድ ወገን።
ከሥሩ አረንጓዴ፤ ላንድ ክረምት ብቻ፣
እናቴ የመረጠችው፣ የእርቃቸው መክፈቻ።
ከዚያ በታች ወተት፤ የፋብሪካው ነጭ፣
እንደ ሕፃን ጥርስ ከድዱ ሥር ብልጭ።
ከነጩ ሥር ዝገት። እሱን ማንም አልቀባው፤
ማንም ሳይከፍለው ነው ሌት ተቀን የሚሠራው።

«በዚህ ገንዘብ ባጃጅ ይገዛ አልነበር?»
ይላሉ እትዬ ዘምዘም፣ አንገታቸው ካጥር።
እኔ መልስ የለኝም፤
ክርር... ክርር... ክርር።

ባለፈው ሳምንት ግን ጋሽ አራጋው መጡ፣
የሸዋ በሩ ባትላሜራ፣ ዛሬ ከቤት የማይወጡ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የብየዳ ብርሃን
በቁንጥር በቁንጥር የወሰደው ዓይን
አሁን ጉም ብቻ ነው፣ ጦሳን የመሰለ፣
ፀሐይ ወጣ አልወጣ ቦታው ላይ የዋለ።

መዳፋቸውን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው፣
«ዓይን ይሸነገላል፤ ላሜራን የሚያየው እጅ ነው»
አሉና፣ ከኮፋኖ ጀምረው፣ ፓራፋንጎውን አልፈው፣
እንደ ሐኪም፣ እንደ ሌባ፣ ቀስ ብለው ዳብሰው፣
የግራው በር ሆድ ላይ ሲደርሱ
ቆመ እጃቸው።

በጣታቸው አንጓ ኳ፣ ኳ ሲያደርጉት፣
ብረት አልመለሰም፤
የደረቀ ጭቃ ነው የሰማሁት።

«ይሄ የኔ ሥራ ነው፣» አሉኝ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣
«አባትህ የከፈለኝ ለላሜራ ነበር፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ።
እኔ ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ ስቱኮ ለስኜ፣
ቀለም ጣል አርጌ፣ ሰጠሁት ሸፍኜ።
ያን ሰሞን ልጄ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታ...
ተወው። ሰበብም ስቱኮ ነው።»

ቧንቧው ይንጠባጠባል።
«አባቴ ያውቅ ነበር?» አልኳቸው።

«በደጄ ባለፈ ቁጥር ያቆማል፣
እጁን በመስኮቱ ያወጣል፣
እዚችው ቦታ ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል።
‹አራጋው፣ ላሜራህ ደህና ነው?› ይለኛል።
ይስቃል።
ይሄዳል።
አሥራ አንድ ዓመት!
ልጄ ድና ስትዳር፣ ሙሽራ የጫነው በዚችው ነው፤
የቤንዚን እንኳ አልተቀበለኝም፤ የከበደኝ እሱ ነው።»

በመሮ ፈነቀልኩት።
ስቱኮው እንደ ብስኩት ተሰበረ፣
ከውስጡ ጋዜጣው ወጣ፣ እንደ ትንባሆ ቅጠል የጠቆረ።
አንድ ጥግ ይነበባል፤ የኳስ ውጤት ነው፤
ማን እንዳሸነፈ ዝገት በልቶታል።

እሑድ ተመልሰው መጡ፣ በልጅ ልጃቸው ተመርተው፣
አንድ ክንድ ላሜራ በማዳበሪያ ጠቅልለው።
ዕዳዬ ነው አላሉም።
«ወፍራሙን ነው ያመጣሁልህ፤
ስትበይድ አትቸኩል፣ ሙቀት ያጣምምብሃል» አሉኝ ብቻ፤
ዱካ ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጥተው።

እኔ እበይዳለሁ፤ እሳቸው ይሰማሉ።
«ድምፁ ጥብስ ይምሰል» ይላሉ፤
ሲንጣጣ «አነሳኸው!» ይላሉ፤
ሲጎረብጥ «ቀጥል፣ አብሽር» ይላሉ።

ሞተሯ ገና የለም። መስታወቷ የለም። ወንበሯን አይጥ ወርሶታል።
ሐረጎን ትወጣ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።
ግን አመሻሹ ላይ፣ ብረቱ ሲበርድ፣
ጋሽ አራጋው ተነሱ፣ በመዳፋቸው ቦታውን ፈልገው አገኙት፣
ጣታቸውን አጥፈው
ኳ፣
ኳ፣
ኳ።

ጮኸ።

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ዘምዘም
በራቸውን ከፍተው፣
«ማነው?» አሉ።